ስለ ልጆች አስተዳደግ ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች መማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ ባሉ መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ምክር መነሳቱ አይቀርም። አንዱ ወላጅ «የፈረንጅ ነገር» ብሎ ይገፋዋል፤ ሌላው የውጭ ስም ስላለው ብቻ ሳይመረምር ይቀበለዋል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዱት ልጆቻችን ናቸውና ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«የልጅ መብት ከውጭ የተጫነብን ነው።»

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የጸደቀው በኅዳር 1982 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የራሱን የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር አወጣ፤ ያጸደቀውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። መብት ሲባል ልጅን መረን መልቀቅ ለሚመስላቸው ደግሞ የቻርተሩን አንቀጽ 31 ማንበብ ይበቃል። ልጅ ለቤተሰቡ አንድነት እንዲሠራ፣ ወላጆቹንና ታላላቆቹን እንዲያከብር፣ ሲቸገሩም እንዲረዳቸው ግዴታ ይጥልበታል። አያቶቻችን ቢሰሙት የሚቃወሙት አንድም ቃል የለበትም።

የዱላውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በማስመሪያ የሕፃን መዳፍ የሚመታ መምህር የሚጥሰው የገዛ አገሩን ሕግ ነው።

«ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው፤ ለጨዋታማ ሰፈር ይበቃዋል።»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚናገሩት ለልጃቸው ሌት ተቀን የሚለፉ ወላጆች ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ ባዶ ደብተር ይዞ ሲመለስ የከፈሉት ገንዘብ የባከነ ይመስላቸዋል። መዋዕለ ሕፃናቱም ወላጅ እንዳይሸሸው ገጽ ሙሉ «ሀ» ያስጽፋል። ገና እርሳስ በወጉ መያዝ ያልቻለች ጣት እስክትዝል ትገለብጣለች።

አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት መምህርት ከየሱቁ ለምና ያጠራቀመችውን ቆርኪ ምንጣፍ ላይ ስታፈስ አይቻለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ በየቀለሙ ለዩት። ከዚያ ሱቅ ከፈቱ። ባለሱቋ ሽንኩርቱን አምስት ቆርኪ አለች፤ ገዢው የያዘው ሦስት ነው። «ሁለት ይጎድልሃል» ብላ እጇን ዘረጋች። እሱም አጠገቡ ካለው ልጅ ሁለት ተበድሮ፣ «ነገ እመልስልሃለሁ» ብሎ ቃል ገብቶ ከፈለ። እዚያ ምንጣፍ ላይ መቁጠር አለ፣ መቀነስ አለ፣ ተራ መጠበቅና በቃል መስማማት አለ፤ ትንሿን ቆርኪ በሁለት ጣት ማንሳት ራሱ ነገ እርሳስ የሚይዘውን እጅ ያጠነክራል። ደብተር ላይ ግን አንዱም አልሰፈረም።

ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 31፣ የአፍሪካው ቻርተር በአንቀጽ 12 መጫወትን የልጅ መብት አድርገው የደነገጉት ለቅንጦት አይደለም። ደግሞስ መሃል ከተማ ውስጥ ልጅ ያለ መኪና ሥጋት የሚሮጥበት ሰፈር ያለን ስንቶቻችን ነን?

«ዓለም አቀፍ ደረጃ ማለት በእንግሊዝኛ ማስተማር ነው።»

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው የባለሙያዎች ሪፖርት ልጅን ለማስተማር ከሁሉ የሚሻለው የአፍ መፍቻ ቋንቋው መሆኑን አስታውቋል፤ ከዚያም ወዲህ ይህንኑ ሲመክር ኖሯል። በአጥሩ ላይ «ኢንተርናሽናል» ብሎ የጻፈ መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ እንዳይናገሩ ሲከለክል የሚሠራው ከዚህ ምክር ተቃራኒውን ነው። እንግሊዝኛ በመዝሙርና በጨዋታ ይልመዱ፤ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ሆዱን ያመመው የአራት ዓመት ልጅ ሕመሙን የሚናገርበት ቃል አጥቶ ጥግ ይዞ ሲያለቅስ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

«ሕፃን ምን ያውቃል? አፉን ሲፈታ ይማራል።»

የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 በጋራ ያወጡት ማዕቀፍ ለጨቅላ ዕድሜ አምስት ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ጤና፣ የተመጣጠነ ምግብ፣ ደኅንነት፣ የልጁን ስሜት አይቶ ምላሽ የሚሰጥ እንክብካቤ፣ እንዲሁም ከልደት የሚጀምር መማር። አራተኛውን እናቶቻችን በ«እሹሩሩ» ያውቁታል። ሕፃኑ ድምፅ ሲያወጣ ዓይኑን እያዩ የሚመልሱለት ሰው ለአንጎሉ ዕድገት ያስፈልገዋል፤ ስልክ ይህን አያደርግለትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ድርጅቶቹ ገንዘብ ካልሰጡ ምን ይፈይዱልናል?»

ሁሉም ለጋሽ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1948 ፕራግ ላይ የተመሠረተው የዓለም የቀዳማይ ልጅነት ትምህርት ድርጅት፣ በምኅጻሩ ኦሜፕ፣ ዋና ሥራው በሙያው ያሉ ሰዎችን ማገናኘትና ለልጆች መሟገት ነው። የቆርኪው ትምህርትም የማንንም በጀት አልጠበቀም።

«ውጭ አገር የሠራ እዚህም ይሠራል።»

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የፔሪ ጥናት በየስብሰባው ይጠቀሳል። 123 ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆችን እስከ 40 ዓመታቸውና ከዚያም በላይ የተከታተለ ነው። መዋዕለ ሕፃናት የገቡት 58 ልጆች አድገው በሥራም በገቢም ካልገቡት ተሽለው ተገኝተዋል። ሲጠቀስ የሚዘለለው ግን አንዲት መምህርት የምትይዘው ስድስት ያህል ልጆችን መሆኑና በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄደች እናቶቻቸውን ታገኝ እንደነበር ነው። አርባ ልጅ በአንድ ክፍል አጭቆ ያንኑ ውጤት ተስፋ መስጠት ወላጅን ማታለል ነው።

እንግዲህ በክረምቱ ልጅ ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ከክፍያው በፊት አንዲት መምህርት ስንት ልጅ እንደምትይዝ፣ ልጆቹ በቀን ስንት ሰዓት ውጭ እንደሚጫወቱ፣ ሲያጠፉም ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። ክፍሉን ገብታችሁ እንድታዩ ካልተፈቀደላችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።