ፓኬጅድ አካውንት ምንድን ነው? «ስዊች አድርገው፣ ሁሉም ራሱ ይዞራል» ለሚሉ

እንግሊዝ አገር ያለ ሰው «ባንኩ የፓኬጅድ አካውንቴን ወርኃዊ ክፍያ ጨመረብኝ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ጥያቄው ሳያልቅ ይመጣል። «ስዊች አድርገዋ! ሰባት ቀን ነው፣ ሁሉም ነገር ራሱ ይዞራል፣ ቦነስም ትበላለህ።» ሂሳብህን ወደ ሌላ ባንክ አዙር ማለቱ ነው፤ ቦነሱም አዲሱ ባንክ ቀይሮ ለመጣ ሰው የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ድሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን በዛ። የኢንሹራንስ ክሌይም (የካሳ ጥያቄ) ስመለከት የምውል ሰው ነኝና «ሁሉም ነገር» የምትባለው ነገር የት ላይ እንደምትቆም አውቃለሁ።

ፓኬጅድ አካውንት ማለት ይሄ ነው። በየወሩ የሚከፈልበት የባንክ ሂሳብ፣ ከሱ ጋር የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የሞባይል ኢንሹራንስ፣ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም መጥቶ የሚያነሳ አገልግሎት። የኔሽንዋይድ ፍሌክስፕላስ፣ የሎይድስ ፕላቲነም፣ የሃሊፋክስ አልቲሜት ሪዋርድ የሚባሉት ማለቴ ነው። ፍሌክስፕላስ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2024 ከ13 ወደ 18 ፓውንድ ሲወጣ ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ ሌላ ባንክ አዞረ። በዓመት 156 ፓውንድ የነበረው 216 ሲሆን ማን ዝም ይላል?

ግን ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ይሄን የባንክ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። ደመወዝ የሚገባበት፣ ካርድ ያለው፣ የቤት ኪራይ የሚወጣበት ሂሳብማ በነፃ ይገኛል። 18 ፓውንዱ የኢንሹራንስ ዋጋ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ፓኬጅድ አካውንት ወደ ሌላው ስትሄዱ አንድ የኢንሹራንስ ውል አፍርሳችሁ ሌላ እየፈረማችሁ ነው።

ስዊች የሚባለው የባንክ መቀየሪያ አሠራር ከ2013 ጀምሮ አለ፣ ጥሩም ነው፣ አልነቅፈውም። በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ዳይሬክት ዴቢቱን (ድርጅቶች በፈቃዳችሁ ከሂሳባችሁ የሚወስዱትን ክፍያ)፣ ስታንዲንግ ኦርደሩን (እናንተ ያዘዛችሁትን ቋሚ ክፍያ)፣ ቀሪ ገንዘቡን ያዞራል። ወደ አሮጌው ቁጥር የሚላከውንም ክፍያ ወደ አዲሱ ይመልሳል። በመጨረሻም አሮጌውን ሂሳብ ይዘጋል። ኢንሹራንሱ የሚሞተው ያኔ ነው።

ዕቃ የተሟላለት ቤት ተከራይታችሁ እንበል። ቤት ስትቀይሩ የጭነት መኪናው የእናንተን ሻንጣና ልብስ ይጭናል። አልጋውና ፍሪጁ ግን የአከራዩ ነው፣ እዚያው ይቀራል። «አዲሱም ቤት እኮ ፍሪጅ አለው» ይለኛል «ስዊች አድርገዋ» ባዩ መካሪያችን። አለው። ግን አሮጌው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ሥጋ አብሯችሁ አይመጣም፣ አዲሱ አከራይ ደግሞ ፍሪጁን ከመክፈታችሁ በፊት ስለ ጤናችሁ ይጠይቃችኋል። እንዲህ የሚጠይቅ አከራይ የለም፣ ምሳሌዬን ትንሽ ለጠጥኩት፣ ኢንሹራንስ ግን በትክክል የሚያደርገው ይሄንን ነው።

ሥጋው ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ አስቀድማችሁ የቆረጣችሁት ቲኬት ነው። በጁላይ ለገና አዲስ አበባ የሚወስድ ቲኬት ቆረጣችሁ። በሴፕቴምበር ሐኪም «ልብህ ይታይ» ብሎ ወደ ሆስፒታል ላካችሁ። በኦክቶበር ቦነስ አይታችሁ ስዊች አደረጋችሁ። በዲሴምበር ጉዞው ቀረ። የጉዞ ኢንሹራንስ «ጉዞዬን ሰረዝኩ» የሚለውን ጉዳት መሸፈን የሚጀምረው ውሉ እያለ ቲኬት ከቆረጣችሁበት ቀን አንስቶ ነው። አሮጌው ውል ቢኖር ኖሮ ሕመሙ ከቲኬቱ በኋላ ስለመጣ የምትከራከሩበት ነገር ነበራችሁ (ያውም ውሉ የጤና ለውጥ ሲኖር አሳውቁ የሚል ከሆነ አሳውቃችሁ ከሆነ ነው)። አሁን ግን ዘግታችሁታል። አዲሱ ደግሞ «ይሄ ሕመም እኔ ጋ ከመምጣትህ በፊት የነበረ ነው» ይላል። ልክም ነው። ማንም አላጭበረበራችሁም፣ በሁለቱ መካከል ወደቃችሁ እንጂ። መካሪያችን ስለዚህ አንድ ቃል አይተነፍስም።

ሞባይሉም እንደዚያው፣ የድሮ ስንጥቅ ይዛችሁ አዲስ ውል ውስጥ አትገቡም።

አገር ቤት ለሚመላለስ ሰው ደግሞ፣ ባትጠይቁኝም፣ ሦስት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ በነዚህ አካውንቶች ላይ ያለው የጉዞ ኢንሹራንስ ለአንድ ጉዞ የቀን ገደብ አለው፣ ብዙ ጊዜ 31 ቀን ነው። ሁለት ወር ቤተሰብ ጋ የሚቆይ ሰው ተጨማሪ ቀን ካልገዛ አንዳንዱ ውል ላይ የመጀመሪያው ሳምንት እንኳ አይሸፈንም። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «አትሂዱ» ብሎ ወዳስጠነቀቀበት አካባቢ ከሄዳችሁ ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ያለባቸው ቦታዎች አሉ፣ ዝርዝሩም ይቀያየራል። አዲስ አበባ ተሸፍናችሁ ዘመድ ጥየቃ የሄዳችሁበት ከተማ ላይ ባዶ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሦስተኛ ዕድሜ ነው። ከተወሰነ ዕድሜ በላይ፣ ብዙ ቦታ ከ70 አካባቢ ጀምሮ፣ ወይ ተጨማሪ ይከፈላል ወይ ጭራሽ አይሸፈንም። እናትና አባታችሁን በጋራ አካውንት አስገብታችሁ «ተሸፍነዋል» ብላችሁ አትተኙ።

ታዲያ መቀየር ጥሩ ነው መጥፎ? እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ከነዚህ ነገሮች የትኛውን ለብቻው ትገዙት ነበር? መኪና የለኝም የሚል ሰው የመኪና ማንሻ ያለበትን ረጅም ዝርዝር አይቶ «ርካሽ ነው» ሲል ይገርመኛል። በተቃራኒው ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጅ፣ አምስት ስልክ፣ አንድ አሮጌ መኪና ያለው ቤት 216 ፓውንዱን በደንብ ሊያወጣው ይችላል። ሁለታችሁም በየግላችሁ እየከፈላችሁ ከሆነ ግን አንዱን ተዉት፣ ለአንድ ጉዳት ሁለት ኢንሹራንስ ሁለት ጊዜ አይከፍልም።

ከ2013 ጀምሮ ባንኩ በየዓመቱ «ይሄ ኢንሹራንስ አሁንም ይመለከታችኋል ወይ?» የሚል መግለጫ እንዲልክ ይገደዳል። ሳታነቡ የምትጥሉት እሱ ነው። ለውሳኔያችሁ ከማንም መካሪ ይሻላል።

ደግሞ ሁልጊዜ ባንክ መቀየር አያስፈልግም። ያላችሁበት ባንክ ውስጥ ወደ ነፃው አካውንት መውረድ ትችላላችሁ። የሂሳብ ቁጥሩም ሶርት ኮዱም (የባንኩ መለያ ቁጥር) አይቀየርም፣ ዳይሬክት ዴቢት አይነካም፣ ኢንሹራንሱ ብቻ ይቆማል። ከዚያ የሚያስፈልጋችሁን ለብቻ ትገዛላችሁ። ስዊች ስታደርጉ ግን በካርድ ቁጥር በየወሩ የሚቆረጡ ክፍያዎችም አብረው አይዞሩም፣ አንድ በአንድ አዲሱን ካርድ መስጠት የእናንተ ሥራ ነው። ኦቨርድራፍት (ከቀሪ ገንዘባችሁ በላይ እንድታወጡ ባንኩ የፈቀደው ብድር) ካላችሁም አዲሱ ባንክ ያንኑ ያህል የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ቀይራለሁ ካላችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ አዲሱን ክፈቱ፣ አሮጌውን ሳትነኩ። ሕመም ካለ ለአዲሱ ኢንሹራንስ ተናገሩ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። የቆረጣችሁት ቲኬት ካለ ሄዳችሁ እስክትመለሱ አሮጌውን አቆዩት፣ የአንድና የሁለት ወር ክፍያ ነው። ቦነሱ ግን ብዙውን ጊዜ አሮጌውን ዘግታችሁ ካልመጣችሁ አይሰጥም። ስለዚህ ቦነሱ እስከ ጉዞው መልስ ይጠብቅ፤ ቢያመልጣችሁም ካልተሸፈነ የሆስፒታል ሂሳብ ጋር አታወዳድሩት።