የጀልባ ታሪክና የአገር ቤት ጠመቃ ለጅማ የማታ ንግግሮች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ጅማ ከባሕር የራቀች፣ በአጠገቧም የተፈጥሮ ሐይቅ የሌላት ከተማ ናት። ይሁን እንጂ የአባ ጅፋር አገር ስለ ውኃ መንገድ ለመናገር ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች አታንስም። ከተማዋን አዌቱ ወንዝ አቋርጧት ያልፋል፤ ከዳርቻዋ ያለው የቦዬ ረግረግ በጉማሬዎቹ ይታወቃል፤ ንግዷም ለዘመናት በጊቤና በጎጀብ ወንዞች መሙላትና መጉደል ሲወሰን ኖሯል። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው የጀልባን ታሪክ በማታ ንግግር ለማቅረብ፣ ለአድማጩም የአካባቢውን ጠመቃ ለማቅመስ ለሚያስቡ የከተማው ሰዎች ነው። ስለ ሁለቱ ጉዳዮች በአማርኛ አንድ ላይ የተጻፈ እምብዛም አይገኝምና፣ ለንግግር አዘጋጅ መነሻ ይሆናል።

የኢትዮጵያ የመርከብ ታሪክ በቀይ ባሕር ዳር በነበረው የአክሱም መንግሥት ወደብ፣ በአዱሊስ፣ ይጀምራል። ንጉሥ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 አካባቢ ጦሩን ቀይ ባሕርን አሻግሮ ወደ ሒምያር (የዛሬዋ የመን) ባዘመተበት ዘመን የኖረው የባይዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ፣ በዚያ ባሕር የሚቀዝፉት ጀልባዎች ሳንቃቸው በብረት ሚስማር ሳይመታ በገመድ ተጠፍሮ የሚያያዝ እንደነበር መዝግቧል። ከአክሱም በኋላ የመጡት ክፍለ ዘመናት ለባሕር ጉዞ ታሪክ የተዉት ጥቂት ነው።

በአገር ውስጥ ውኃ ላይ ግን የጣና ታንኳ ሳይቋረጥ ዘልቋል። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ሲሆን፣ የታጨደው ደንገል ደርቆ በነዶ በነዶ ከታሰረ በኋላ ጫፉ ወደ ላይ እንዲቀና ተደርጎ ይጠፈራል። በሥራው ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ እንዲህም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። በዚህ ቀላል ዕቃ የማገዶ እንጨት፣ እህልና ሰው ሲጓጓዝ ኖሯል። ታንኳ የጥንቶቹ ግብፃውያን የደንገል ጀልባ ቀጥተኛ ወራሽ ነው የሚሉ አሉ። የሁለቱ መመሳሰል ግልጽ ቢሆንም፣ ተመሳሳይ ተክል ያገኙ ሕዝቦች ተመሳሳይ ነገር ለየብቻቸው ሊሠሩ ስለሚችሉ ነገሩን እንደ ተረጋገጠ ታሪክ ማቅረብ አይገባም።

ለምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ታላቁ የውኃ መንገድ የባሮ ወንዝ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክና ብሪታንያ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር፣ በብሪታንያ ሥር ለነበረው የሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ እንዲሰጥ ይደነግጋል። የወንዝ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ በውሉ ተወስኗል። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው በጋምቤላ ሲሆን፣ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትለው እስከዚያ ይደርሱ ነበር።

መርከቦቹ ግን ዓመቱን ሙሉ አይሄዱም ነበር። ባሮ ሞልቶ ትልቅ መርከብ የሚሸከመው በክረምቱ ወራት ብቻ ስለነበረ፣ ደጋውን የሚያውከው ዝናብ ለቆላው ወደብ የሥራ ወቅት ነበር። ቡናው ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ በሸክምና በጋማ ከብት ወርዶ፣ መርከቧ እስክትመጣ በመጋዘን ይከማቻል፤ በምላሹም ጨውና የጥጥ ጨርቅ ወደ ደጋው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ባቡር ለዚህ መንገድ ብርቱ ተፎካካሪ ሆነበት። የጋምቤላ ጣቢያ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የጅማ ቡና ምን ያህሉ በባሮ እንደ ወጣ የተለያየ ነገር ይነገራል፤ የከተማዋ ዋና በር ግን ያለ ጥርጥር የጊቤ መሻገሪያ ነበር።

በጊቤ በኩል የሚመጣው ነጋዴ የሚያርፈው በሂርማታ ገበያ ነበር። እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) በሕይወት የቆዩት የጅማ ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን በብልሃት ስለጠበቁ፣ ገበያው በጦርነት ሳይፈርስ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ ሲገበያይበት ኖሯል። በዚያው ገበያ ሰዎችም ይሸጡ እንደነበር ተናጋሪው ሳይሸሽግ ማንሣት ይገባዋል። ክረምት ሲገባ ጊቤ ስለሚሞላ ሲራራ ነጋዴው ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል፤ ድልድይ ይህን ሥርዓት አስቀረው። ዛሬ አካባቢው ትልቅ የውኃ አካል ያገኘው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ሥራ በጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው የጊልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሲሆን፣ ዓሣ አስጋሪዎችም ይሠሩበታል።

ከንግግሩ ጋር የሚቀርበውን መጠጥ በተመለከተ፣ ከፋብሪካ ቢራ ይልቅ የአገር ቤት ጠመቃ መምረጥ ተገቢ ነው። ጠላ፣ በኦሮምኛ ፋርሶ፣ የሚጠመቀው በግራዋ ታጥቦ በወይራ በታጠነ ጋን ነው። በመጀመሪያ የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል፤ ቀጥሎ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባል፤ ከዚያም አሻሮው፣ ማለትም ተቆልቶ የተፈጨው እህል፣ ተጨምሮ ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻም በውኃ ተበጥብጦ ጋኑ ይታፈናል። ሳይጠልል የሚቀዳው ጉሽ ሲባል፣ ከአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ሁለተኛው ቀጭን መጠጥ ቅራሪ ነው። ሌላው የእህል ጠመቃ ቦርዴ ግን ጌሾ አይገባበትም፤ ወፍራም ስለሆነ እንደ ምግብም ያገለግላል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚበላሽ በደረሰበት ቀን መጠጣት አለበት።

አብዛኛው የጅማ ሕዝብ ሙስሊም በመሆኑ ቀሪቦና ብርዝ የግድ መቅረብ አለባቸው፤ እነዚህ የጠላ ምትክ ሳይሆኑ በራሳቸው የቆሙ፣ የአካባቢውን እጅ የሚያሳዩ መጠጦች ናቸው። ለቀሪቦ ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላና ይፈላል፤ ከተጠለለና ከቀዘቀዘ በኋላ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ያድራል። ቀሪቦ አልኮል የለውም ሲባል የተለመደ ቢሆንም፣ እርሾ ያለበት ስለሆነ በቆየ መጠን አልኮል መያዙ አይቀርም፤ ስለዚህ እንደ ደረሰ ማቅረብ ይመረጣል። ብርዝ ደግሞ ማርና ውኃ ብቻ ሲሆን፣ በተለይ በጌራ በኩል ከገተማ አበባ በሚገኘው ነጭ ማር ሲበረዝ ወደር የለውም። ጠላው ብዙ ቀናት ስለሚፈልግ አዘጋጁ ጥንስሱን ከንግግሩ ከሳምንት በላይ አስቀድሞ ማስጀመር ይኖርበታል፤ ቀሪቦው በዋዜማው፣ ብርዙ በዕለቱ ይደርሳል።