የልብ ቀዶ ሕክምና፦ ከወሎ የሚነሳ ታካሚ ምን ይጠብቀዋል?

ወሎ ውስጥ ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና ሲወራ በአብዛኛው የሚወራው ስለ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋው የልብ በር ነው። በበለጸጉ አገሮች ደረታቸው የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ የልብ ደም ሥራቸው የተደፈነባቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እኛ ዘንድ ወረፋ ከሚጠብቁት ውስጥ ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ከፊሎቹ ሲወለዱ ጀምሮ ልባቸው ላይ ቀዳዳ አለ። ሌሎቹን የጎዳቸው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው።

ሩማቲክ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ሲቀር፣ ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን ልብ ያጠቃል። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ቫልቩ ይጠባል፣ ወይም በደንብ አልገጥም ብሎ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም። እንዲያውም ቁስል ይጨምራል፣ ጊዜም ያባክናል። የሚከላከለው ፔኒሲሊን ነው፣ ያውም ርካሽ መድኃኒት።

ጦሳ ተራራ ሥር ላደገ ልጅ ዳገት ብርቅ አይደለም። ያ ልጅ ከእኩዮቹ ኋላ መቅረትና መሃል መንገድ ላይ ቁጭ ማለት ከጀመረ ነገር አለ። ቆይቶ ጋደም ማለት ያቅተዋል። ትራስ ደራርቦ ተቀምጦ ያድራል፣ እግሩም ያብጣል። ቤተሰብ እስከዚህ ድረስ ጠበልም ዱዓም ሞክሮ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ጸሎቱን አይቃወሙም። የሚሉት “እዚያም ሂዱ፣ እኛም ጋ ኑ” ነው።

ሪፈርና መንገድ

ከጤና ጣቢያ ይጀመራል። ከዚያ በአቅራቢያው ያለ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም ደሴ ወይም ወልድያ። ዋናው ምርመራ ኢኮ ነው። በድምፅ ሞገድ የልቡን እንቅስቃሴ በስክሪን ያሳያል፣ አያምም። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ሪፈር ተጽፎ ወደ አዲስ አበባ ይኬዳል። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው መንገዱ ላይ ያለው የጣርማበር ብርድ ቀላል ስላልሆነ ጋቢ አይረሳም።

ወጪውን በተመለከተ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን ይረዳል፣ ሪፈሩ ደረጃውን ጠብቆ ከመጣ ማለት ነው። የውጭ አገር ሕክምናን አይሸፍንም። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ ነበረች። ይህ ሲነገር ብዙም አይሰማም።

የሆስፒታሎቻችን ታሪክ ረጅም ነው። ጣሊያን ኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ቦምቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታልም አግኝቶታል። በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ የደሴም የወልድያም ሆስፒታሎች ተዘርፈው አገልግሎታቸው ተቋርጦ ነበር። የልብ ሕሙማን ያን ጊዜ ክትትላቸው ተቆርጦባቸዋል። ሠራተኞቹ ተመልሰው ከባዶ ነው ያስነሷቸው።

አዲስ አበባ ያለው ማዕከል

ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል የተወለደው ከአንድ በጎ አድራጎት ነው። የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶ/ር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን በ1989 እ.ኤ.አ. አቋቋሙ። ለዓመታት ሥራው ሕፃናትን ለሕክምና ውጭ አገር መላክ ነበር። ማዕከሉ ራሱ የተከፈተው በ2001 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ላይ ቀዶ ሕክምናው በብዛት የሚሠራው ከውጭ በሚመጡ ቡድኖች ነበር፣ በኋላ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ተረከቡት። ግንባታውን በገንዘብ ከደገፉት መካከል ሼህ መሐመድ ሁሴን አል-አሙዲ ይገኙበታል። የወሎ ልጅ ናቸው። የትውልድ ቦታቸውን አንዳንዱ ደሴ፣ አንዳንዱ ወልድያ ይላል። ያደጉት ግን ወልድያ ነው።

ወረፋው ረጅም ነው። በዚህ መሃል ሩማቲክ ላለበት ሰው የወር መርፌው፣ ማለትም የጉሮሮው ባክቴሪያ ዳግም እንዳይይዘው የሚሰጠው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ መቋረጥ የለበትም። በየ4 ሳምንቱ ይወሰዳል፣ አንዳንድ ሐኪም በየ3 ሳምንቱ ያዛል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጥርስ ይታያል። የበሰበሰ ጥርስ ባክቴሪያ ወደ ደም ይለቃል፣ ያ ደግሞ አዲሱ ቫልቭ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ዘመድም ደም እንዲለግስ ይጠየቃል።

የጠበበ ቫልቭ ሁሉ ደረት አያስከፍትም። ለአንዳንዱ በብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ገብቶ በፊኛ ይሰፋል። ካልሆነ ደረቱ መሃል ላይ ያለው አጥንት ይከፈታል። ልብ ይቆማል፣ ደሙን የሚያዘዋውረው ማሽን ነው። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተሳካው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ቀዶ ሕክምናው በብዛት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። ታካሚው የሚነቃው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፣ አፉ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ፣ ደረቱ ላይ የደም ማውጫ ቱቦ ተደርጎለት። ቱቦው አፉ ውስጥ እያለ መናገር አይችልም። አስታማሚው ይህን ቀድሞ ካልሰማ ይደነግጣል። ስለዚህ ከወዲሁ፦ አብሽሩ፣ ቱቦው ይወጣል።

ወደ ቤት ሲመለሱ

አጥንቱ በሽቦ ታስሮ ነው የሚዘጋው። ጠንክሮ እስኪድን 3 ወር ገደማ ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት፣ እንጨት መሸከም፣ ማረስ ያን ጊዜ ክልክል ነው። ሲያስሉ ትራስ ደረት ላይ ማቀፍ ሕመሙን ይቀንሳል።

ቫልቩ ብረት ከሆነ ሌሊት ፀጥ ሲል ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል። ጤነኛ ድምፅ ነው። ከእንስሳ የተሠራው ድምፅ የለውም፣ ግን ያረጃል፣ በወጣት ላይ ደግሞ ቶሎ። የብረቱ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ሆኖም ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልክ ያስወስዳል። ዋርፋሪን ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ልኩ አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ይታወቃል። የጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው፣ በግራ ልብ ያለው ሚትራል ቫልቭ በብረት ለተተካለት ግን ከ2.5 እስከ 3.5 ይፈለጋል። ብዙ ሰው የሚንሸራተተው እዚህ ላይ ነው። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ፣ ምርመራው ሩቅ ነው ተብሎ ይተዋል።

ሁዳዴ ሲገባ ጎመን ይበዛል፣ ጎመን ደግሞ የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚቀንስ የአይ ኤን አሩ ቁጥር ይወርዳል። ጎመን አይከለከልም፣ መጠኑ ግን ዓመቱን ሙሉ አይዋዥቅ። በረመዳን ዋርፋሪኑን ማታ ከፊጥራ በኋላ መውሰድ ይቻላል። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያናግር። ጫት የልብ ምትና ግፊት ስለሚጨምር ዱዓ ላይ ቡናውን ይዞ መቀመጥ ይሻላል። ዲክሎፌናክን የመሰለ ማስታገሻ ከፋርማሲ ዝም ብሎ ገዝቶ መዋጥ ያደማል።

ወጣት ሴት ከሆነች የቫልቩ ምርጫ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መነጋገሪያ መሆን አለበት። ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። ባልም ቤተሰብም አብሮ ይስማ፣ ምክንያቱም ውሳኔው ብዙ ጊዜ የእሷ ብቻ አይደረግም።

ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ትኩሳት ከያዘውና አልለቅ ካለው ፋርማሲ ሄዶ አንቲባዮቲክ አይግዛ። ሆስፒታል ሄዶ መጀመሪያ ደሙ ይመርመር። መድኃኒቱ ከቀደመ ባክቴሪያው በምርመራ ላይገኝ ይችላል። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ ጎን ከዛለ ወይም የብረቱ ድምፅ ድንገት ከጠፋ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።