ቦሎኛ፦ የተማሪ የመጀመሪያ ቀን

ጣልያን ለትምህርት የሚሄድ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ሮም ነው፣ ቬኒስ ነው፣ ቢበዛ ሚላኖ ነው፣ ቦሎኛ ሲደርሰው "እሱ ደሞ የት ነው" የሚለው ብዙ ነው፣ እኔም ብያለሁ። ከተማዋ ያለችው ሰሜን ጣልያን ኤሚሊያ ሮማኛ የሚባለው ክልል ውስጥ ነው፣ የክልሉም ዋና ከተማ ናት፣ ወደ 390 ሺህ ሰው ይኖርባታል። ጣልያኖቹ ሦስት ቅጽል አውጥተውላታል፦ የተማረችው፣ ወፍራሟና ቀይዋ። የተማረችው በዩኒቨርሲቲው፣ ወፍራሟ በምግቡ፣ ቀይዋ በጡቡና በጣሪያው ቀለም፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደሞ ኮሚኒስቶቹ ለረጅም ጊዜ ስላስተዳደሯት ቀይ የሚለው ለፖለቲካውም ሰራ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።)

ከኤርፖርት ማርኮኒ ኤክስፕረስ የምትባል ባቡር 7 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ዋናው ጣቢያ ታደርሳለች። ኤርፖርቱም ባቡሯም ስማቸው ከሬድዮው ሰው ከጉሊየልሞ ማርኮኒ ነው፣ እዚሁ ነው በ1874 የተወለደው። ጣቢያው ስትደርሱ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ከመሮጣችሁ በፊት ውጪ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እዩት፣ 10፡25 ላይ ቆሟል፣ በኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ25 ማለት ነው። ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ፣ ኦገስት 2 ቀን 1980 ተጠባባቂ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰው ሞቷል፣ ከ200 በላይ ቆስሏል፣ በኋላም ኒዮፋሺስቶች ተፈረደባቸው። ሰዓቱን ለዛ መታሰቢያ ብለው ነው 10፡25 ላይ ያቆሙት።

ከጣቢያው ቪያ ኢንዲፔንዴንዛ የሚባለውን መንገድ ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ዝናብ ቢዘንብም ጃንጥላ አያስፈልግም ምክንያቱም መንገዱ ዳርና ዳር ፖርቲኮ ነው። ፖርቲኮ ማለት ያው ቤቱ ከላይ ወደ መንገዱ ወጣ ይልና ከስር በዓምድ ይያዛል፣ እግረኛው በዛ ስር ይሄዳል። ከተማው ውስጥ ያለው ሁሉ ሲደመር 62 ኪሎሜትር ነው፣ ዩኔስኮ በ2021 መዝግቦታል። ነገሩ የመጣው ባብዛኛው ከቤት ችግር ነው፣ በመካከለኛው ዘመን ተማሪ ከየአገሩ ሲጎርፍ ቤት ጠፋ፣ አከራዮቹም ፎቁን ወደ ውጪ እየገፉ ተጨማሪ ክፍል ሰሩበት፣ እኛ አገር ኮንዶሚኒየም ላይ በረንዳውን ዘግተው ክፍል እንደሚያደርጉት በሉት። ሌላ ከተማ ቢሆን ያፈርሱት ነበር፣ ቦሎኛ ግን በ1288 ባወጣችው ደንብ ጭራሽ ግዴታ አደረገችው፣ ፖርቲኮውን ባለቤቱ ይሰራል ይጠግናል፣ መንገዱ ግን የሁሉም ነው፣ ከፍታውም ፈረስ ላይ ያለ ሰው የሚያሳልፍ ይሁን አለች። ስትራዳ ማጆሬ ላይ ኮርቴ ኢዞላኒ ጋ ከ1200ዎቹ ጀምሮ የቆመ የእንጨት ፖርቲኮ አለ፣ 9 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ እንጨቶቹ ጥቁር ብለው ተሰነጣጥቀዋል ግን እስካሁን ቤቱን ተሸክመዋል። አይ የቤት ችግሩስ? እሱም እስካሁን አለ፣ ዛሬም አልጋ የሚከራየው ተማሪ ብዙ ነው።

መንገዱ ሲያልቅ መጀመሪያ የኔፕቱን፣ የሮማውያን የባሕር አምላክ፣ ፏፏቴ ጋ ትወጣላችሁ። ነሐሱን የሰራው ጃምቦሎኛ ነው፣ በ1560ዎቹ፣ ኔፕቱን እጁ ላይ የያዘውን ባለ ሦስት ጣት ጦር ታውቁታላችሁ፣ ማዜራቲ መኪና ላይ ያለው ምልክት ነው፣ ካምፓኒው በ1914 እዚሁ ስለተመሰረተ። ከሱ ጎን ፒያሳ ማጆሬ አለ። ፒያሳ የሚለውን ቃል አዲስ አበባ ሰፈር አድርገን ስለለመድነው መጀመሪያ ይገርማል፣ ጣልያንኛው አደባባይ ማለት ነው። ሳን ፔትሮኒዮ የሚባለው ግዙፍ ቤተክርስቲያን በ1390 ተጀምሮ ፊቱ እስከዛሬ አላለቀም፣ ታችኛው እምነበረድ ነው፣ ላይኛው ራቁቱን የቀረ ጡብ። ውስጥ ገብታችሁ ወደ ወለሉ እዩ፣ ካሲኒ የሚባለው የስነ ፈለክ ሰው በ1655 የዘረጋው 67 ሜትር የሚጠጋ መስመር አለ፣ ጣሪያው ላይ ባለች ቀዳዳ የምትገባ ብርሃን ልክ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ መስመሩ ላይ ታርፋለች፣ የት ጋ እንዳረፈች አይቶ ዓመቱ ምን ላይ እንደደረሰ ማወቅ ይቻላል።

እዚህ ጋ ለኛ ሰው የሚሆን አንድ ነገር አለ። የአፄ ልብነ ድንግልን ደብዳቤ ለጳጳስ ክሌመንት 7ኛ ያቀረበው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ያቀረበው ሮም አይደለም፣ እዚሁ ቦሎኛ ነው፣ ጃንዋሪ 1533። ያኔ ጳጳሱ ከአፄ ካርል 5ኛ ጋር ሊነጋገሩ እዚህ መጥተው ነበር፣ ደብዳቤውም በዛው ዓመት እዚሁ ከተማ ታትሟል። ማስታወሻ ምናምን ግን እኔ ዞሬ አላየሁም።

ከአደባባዩ ሳትርቁ አርኪጂናዚዮ ግቡ፣ ለአንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው። በ1563 የተሰራ የድሮው የዩኒቨርሲቲ ህንፃ ነው፣ ግድግዳውና ጣሪያው በሙሉ በተማሪዎች የቤተሰብ አርማ የተሸፈነ ነው፣ ወደ 6 ሺህ ይደርሳል፣ ከእያንዳንዱ ስር ስምና አገር ተጽፏል። ላይ ያለው የአናቶሚ ክፍል በ1637 የተሰራ ነው፣ ዙሪያውን የእንጨት መቀመጫ፣ መሃል ነጭ የእምነበረድ ጠረጴዛ፣ አስከሬን የሚከፈተው እሱ ላይ ነበር። የመምህሩን ወንበር የተሸከሙት ሁለት ሐውልቶች ቆዳቸው ተገፎ ጡንቻቸው የሚታይ ሰዎች ናቸው። በ1944 የአየር ድብደባ ክፍሉ ፈርሶ ነበር፣ ከፍርስራሹ ውስጥ እንጨቱን እየለቀሙ ነው መልሰው የገጣጠሙት።

ዩኒቨርሲቲው በ1088 ተመሰረተ ይባላል፣ የምዕራቡ ዓለም አንጋፋ ነው፣ ግን በዛ ዓመት ሪባን የቆረጠ ሰው የለም፣ ዓመቱን የመረጠው በ1800ዎቹ ገጣሚው ካርዱቺ የመራው ኮሚቴ ነው፣ ከዛ በ1888 800ኛ ዓመት ብለው ደገሱ። የጀመረው ኢርኔሪዮን የመሰሉ የሮማን ሕግ የሚያብራሩ መምህራን ስር ተማሪ ሲሰበሰብ ነው። ከውጪ የመጣው ተማሪ በከተማው ሕግ መብት አልነበረውም፣ አንዱ ጀርመን ተበድሮ ከጠፋ ሌላውን ጀርመን ይዘው ያስከፍሉት ነበር፣ ይሄን በ1150ዎቹ ያስቆመው ንጉሥ ፍሪድሪሽ ባርባሮሳ ነው። ተማሪዎቹም ባገር ልጅነት እንደ እድር ተደራጁ፣ ሬክተሩን የሚመርጡት እነሱ፣ ሬክተሩ ራሱ ተማሪ፣ ለመምህሩ የሚከፍሉት እነሱ፣ መምህሩ ካረፈደ የሚቀጡትም እነሱ። ዛሬ ሴክሬታሪያ (የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ) በር ላይ ቁጥር ይዛችሁ ስትሰለፉ ይሄን አስቡትማ! ኮፐርኒከስ እዚህ ተምሯል፣ የፊዚክስ ሊቋ ላውራ ባሲም በ1732 እዚህ የፕሮፌሰርነት ወንበር አግኝታለች፣ ያኔ ለሴት የማይታሰብ ነበር።

ምሳ ላይ ደሞ ጥንቃቄ። በዓለም ስፓጌቲ ቦሎኔዝ የሚባለውን እዚህ ብትጠይቁ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ያገሬው ምግብ ታሊያቴሌ (ጠፍጣፋ ረጅም ፓስታ) በራጉ (በሥጋ ስጎ) ነው፣ የታሊያቴሌውን ስፋት ሳይቀር በ1972 ንግድ ምክር ቤት አስመዝግበውታል፣ ሲበስል 8 ሚሊሜትር፣ መሃል ከተማው ያለው የአዚኔሊ ማማ ቁመት ለ12,270 ሲካፈል ነው ብለው። እኛ ስጎ የምንለው ከነሱ ቃል የመጣ ቢሆንም ራጉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይገባል፣ ሞርታዴላ የሚባለው ቋሊማም አሳማ ነው፣ ቶርቴሊኒ የሚባለው ትንሽ የተሞላ ፓስታም ውስጡ አሳማ ነው። ቶርቴሎኒ የሚባለው ተለቅ ያለው ግን ውስጡ ሪኮታ አይብና ቅጠል ነው፣ በቅቤ ይቀርባል፣ የምትለየው በአንድ ፊደል ስለሆነ ሜኑውን ሁለቴ አንብቡ፣ እኔ አንዴ ብቻ አንብቤ ግማሽ ሳህን ከበላሁ በኋላ ነው የነቃሁት። ቡናም ላይ ማኪያቶ ብላችሁ ካዘዛችሁ የሚመጣው በትንሽ ሲኒ ወተት ጠብ ያለበት ቡና ነው፣ ላቴ ካላችሁ ደሞ ወተት ብቻ። ቆማችሁ ጠጡት፣ ስትቀመጡ ብዙ ቦታ ዋጋው ይጨምራል።

ወረቀቱን ነገር ባጭሩ፦ በተማሪ ቪዛ የገባ በ8 የስራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውን ፖስታ ቤት ማስገባት አለበት፣ ኮዲቼ ፊስካሌ የሚባለው የግብር ቁጥር ከሌለ የቤት ውልም ባንክም አይሆንም። የመጀመሪያው ቀን ግን ይዝናና።

ማታ ሲሆን ወደ ቪያ ዛምቦኒ ሂዱ፣ ዩኒቨርሲቲው ከ1803 ጀምሮ ያለበት መንገድ ነው፣ ቁጥር 33 ላይ ፓላሶ ፖጂ አለ። የሎሬል ቅጠል አክሊል ያደረገ ልጅ ጓደኞቹ እየተሳደቡ ሲዘፍኑለት ካያችሁ ዛሬ የተመረቀ ነው፣ ስድቡ ባህል ነው። መንገዱ የሚነሳው ከሁለቱ ማማዎች ስር ነው። አዚኔሊ 97 ሜትር ነው፣ ጎኑ ያለው ጋሪዜንዳ 48 ሜትር ብቻ ነው፣ መሬቱ እየሰመጠ ስላዘመመ በ1300ዎቹ ከላይ ቆርጠውታል፣ ያም ሆኖ ያዘመመው ነገር ሲያዩት ያስፈራል። አዚኔሊ 498 ደረጃ አለው፣ ሳይመረቅ ላዩ የወጣ ተማሪ አይመረቅም ይባላል፣ ያላመነበትም አይወጣም። እኔም ስመረቅ እወጣለሁ ብዬ ስጠብቅ ስጠብቅ በኦክቶበር 2023 ጋሪዜንዳ ያሰጋል ብለው ዙሪያውን አጥረው አዚኔሊንም ዘጉት፣ ዲግሪውን ይዤ ከታች አንጋጥጬ ፎቶ ተነሳሁ።