«ጅብ ወለደች» የሚባለው መቼ ነው?

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። አንዱ ተሳፋሪ «ጅብ ወለደች!» አለ፤ ሌሎቹም ልክ ነህ ብለው ተቀበሉት። አላስቻለኝም። ፀሐይ በሌለችበት ምን ጅብ ትወልዳለች?

አባባሉ ፀሐይ ወጥታ እያለ ለሚጥል ዝናብ ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ከእረኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጅ ሆኜ ሰሜን ሸዋ ጥጃ ስጠብቅ፣ መስከረም ሲጠባ እንዲህ ያለው ዝናብ ይበዛ ነበር። ደመናዋ ትንሽ ናት፤ ፀሐይ በጎኗ ሾልካ ትገባለች። አንዳንዴም ደመናው ማዶ ሆኖ ጠብታውን ነፋስ ያመጣዋል። የላሞቹ ጀርባ ይጨሳል። እኛ ትንንሾቹ ገሳችንን ጥለን ስንቦርቅ፣ ትልቁ እረኛ «ጅብ ወለደች፣ ጥጆቹን ሰብስቡ!» ይላል። ዓይኑ ከገደሉ አይነቀልም።

የአባባሉ ምንጭ እዚያ ነው ባይ ነኝ። ጅብ ጉድጓድ ውስጥ ተሸሽጋ ነው የምትወልደው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ትወልዳለች፤ ልጆቿ ከነጥርሳቸው፣ ዓይናቸው ተገልጦ ነው የሚወጡት። ይህን ማን ያያል? እረኞቹ ማንም የማያየውን ልደት፣ ዝናብና ፀሐይ ከሚገናኙባት ብርቅ ሰዓት ጋር አገናኙት። ማስጠንቀቂያም አደረጉት። አራስ ጅብ ይርባታል፣ ልጅ ደግሞ በፀሐይ ዝናብ ይዘናጋል፣ ጥጃ የሚጠፋውም ያኔ ነው። የዚያን እረኛ አስተያየት ላየ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ይቺው ሰዓት የማርያም መቀነትም የምትወጣባት ናት። ፀሐይን ከኋላችሁ፣ ዝናቡን ከፊታችሁ አድርጉ። ብርሃኑ ጠብታው ውስጥ ሲገባ ይሰበራል፣ ከጠብታው ጀርባ ነጥሮ ሲወጣ ቀለም ቀለሙን ይለያል። ቀዩ በውጭ፣ ሐምራዊው በውስጥ ይሰለፋል። ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች ግን ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው መቀነቷ አትታይም፤ እኩለ ቀን ላይ የምናጣት ለዚህ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል ፈልጓት።

አሁን አሁን ለካፊያውም፣ ለበረዶውም፣ ለድንገተኛ ወሬውም «ጅብ ወለደች» ሆኗል። እባካችሁ ተዉ። መጀመሪያ መሬቱን እዩ። ዝናቡ እየወረደ ጥላችሁ እርጥቡ አስፋልት ላይ ከታየ፣ ያኔ ጮክ ብላችሁ በሉት፤ ልጆቻችሁም ይስሙት።