ፕሪ ደ ሮም ምንድን ነው?

ፕሪ ደ ሮም በፈረንሳይኛ «የሮም ሽልማት» ማለት ሲሆን፣ ፈረንሳይ ለወጣት ሠዓሊያን፣ ለቀራጮች፣ ለሕንፃ ንድፍ ባለሙያዎችና ለሙዚቃ ደራሲዎች ከ1663 እስከ 1968 ድረስ በውድድር ትሰጠው የነበረ አገር አቀፍ ሽልማት ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሽልማቱ ሲጀመር እኛ ዘንድ ዐፄ ፋሲል በጎንደር ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ሲቀር ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነበር።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ እዚሁ ጎንደር ሥዕል የሚማር አንድ ወጣት ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። የአንድ ፈረንሳዊ ሙዚቀኛ የሕይወት ታሪክ ሲያነብ «የሮም ሽልማትን አሸነፈ» የሚል ዐረፍተ ነገር ገጥሞት፣ «ጋሼ፣ ስንት ብር ነው የሚያሸልመው?» አለኝ። ለዛሬ ወጣት ሽልማት ማለት ገንዘብ፣ ዋንጫ ወይም የምስክር ወረቀት ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። የሮም ሽልማት የሚሰጠው ግን ከሁሉ በላይ ጊዜ ነበር። አንደኛ የወጣው ወጣት በመንግሥት ወጪ ወደ ሮም ይላካል፤ እዚያም ማደሪያ፣ የሥራ ክፍልና መተዳደሪያ ተሰጥቶት፣ እንደየዘመኑ ደንብ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያህል የዕለት ጉርስ ሳያሳስበው ሙያውን ያጠናል። ተሸላሚው የሚጠራበት የፈረንሳይኛ ቃል «ፓንሲዮኔር» ሲሆን፣ በእኛ ቋንቋ «ቀለብ የሚሰፈርለት» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም።

ይህን አሠራር ለጎንደር ሰው ማስረዳት አይከብድም። አቋቋም ሊማር ከሩቅ አገር ተነሥቶ በዓታ የሚመጣ ተማሪ ዓመታቱን የሚገፋው የአገሬው ሰው በሚሰጠው ቁራሽ ነው፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል ከመሶቡ ቆርሶ የሚሰጥ ሰው ለተማሪው የሚሰጠው እንጀራውን ብቻ ሳይሆን የመማሪያ ጊዜውንም ጭምር ነው። ልዩነቱ፣ በፈረንሳይ ቀለቡን የሚሰፍረው የንጉሡ ግምጃ ቤት መሆኑና፣ በየሙያው ከብዙ ተወዳዳሪዎች መካከል አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚያገኘው መሆኑ ነው።

በፓሪስ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ንጉሣዊ አካዳሚ የተቋቋመው በ1648 ነበር። በሉዊ 14ኛ ዘመነ መንግሥት፣ በ1663፣ አካዳሚው ተማሪዎቹን በየዓመቱ ማወዳደር ጀመረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የንጉሡ ሚኒስትር ዣን ባቲስት ኮልቤር የፈረንሳይ አካዳሚን በሮም አቋቋመ። የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ሠዓሊው ሻርል ኤራር ሲሆን፣ በደንቡ የተያዘው ቦታ ለ12 ወጣቶች፣ ማለትም ለስድስት ሠዓሊያን፣ ለአራት ቀራጮችና ለሁለት የሕንፃ ባለሙያዎች ነበር። ፈረንሳዊ፣ ካቶሊክና ያላገባ ወንድ መሆን ግዴታ ነበር። ለሕንፃ ንድፍ ራሱን የቻለ ሽልማት በ1720 ተጨመረ፤ ሙዚቃ በ1803፣ በመዳብ ላይ የሚቀረጽ ሥዕል ደግሞ በ1804 ተከተሉ። በዚያው በ1803 አካዳሚው ቪላ ሜዲቺ ወደተባለው፣ ሮምን ከኮረብታ ላይ ቁልቁል ወደሚያየው ግቢ ተዛወረ፤ እስከ ዛሬም ያለው እዚያው ነው።

ኮልቤር ይህን ሁሉ ያደረገው ለወጣቶቹ አዝኖ አልነበረም። በኢጣልያ ያለው መልካም ሥራ ሁሉ በፈረንሳይም እንዲኖር ይፈልግ ነበርና፣ ወጣቶቹ የጥንት ሐውልቶችንና የታላላቅ ሠዓሊያንን ሥራ እየገለበጡ ለንጉሡ እንዲልኩ በደንቡ ታዘዙ። በኋላም ተሸላሚው በየዓመቱ ሥራ ሠርቶ ወደ ፓሪስ መላክና መገምገም ነበረበት፤ ይህ ግዴታ «አንቯ» ይባል ነበር። መገልበጥ በራሱ ነውር አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓሊያንም ሙያውን የተቀበሉት የመምህራቸውን እጅ እየተከተሉ፣ የቆየውን ሥዕል እየገለበጡ ነው።

ግልባጭ ከተነሣ ዘንድ፣ በዚህ ከተማ የተፈጸመውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው «ዳካር–ጅቡቲ» የተባለው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር በሰነበተ ጊዜ፣ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች ከቦታቸው አስነሥቷል፤ ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ስለነበሩ ማንሣቱ የሚቻል ሆነ። በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ የቡድኑ ሠዓሊ ግልባጫቸውን ሠርቶ ተለጠፈ፤ ዋናዎቹ ወደ ፓሪስ ተጓዙ፣ ዛሬም በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ጉዳዩ ከሮም ሽልማት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አይደለም። ነገር ግን በኮልቤር ደንብ ዋናው በሮም ይቀርና ግልባጩ ወደ ፓሪስ ይሄድ ነበር፤ ከጎንደር ግን ዋናው ሄዶ ግልባጩ ቀረ። የእኛ ወጣቶች የሽልማቱን ታሪክ ሲያነቡ ይህን አብረው ቢያስታውሱ እወድዳለሁ፤ ምክንያቱም ግልባጭን ለመማሪያ መሥራትና ግልባጭን የዋናው ምትክ አድርጎ መተው እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወደ ውድድሩ እንመለስ። ሠዓሊው በመጀመሪያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ንድፍ፣ ቀጥሎም የሰው ገላ እያየ ሥዕል ያቀርባል፤ ይህን ያለፉት ጥቂቶች፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ አሥር ያህል ሰዎች፣ «ሎዥ» ወደሚባል የየብቻቸው ጠባብ ክፍል ይገባሉ። ለሁሉም አንድ ርእስ ይሰጣቸዋል፤ ርእሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከግሪክና ከሮም ታሪክ ወይም ከአፈ ታሪክ የሚወጣ ነበር። በ72 ቀን ውስጥ ሥዕሉ በትልቅ ሸራ ላይ ማለቅ አለበት። በመጀመሪያው ቀን ያስረከቡትን ንድፍ መለወጥም፣ ሌላ ሰው እንዲያግዛቸው ማድረግም አይፈቀድም። የሙዚቃ ደራሲዎቹም በተመሳሳይ ተዘግቶባቸው፣ በተሰጣቸው ግጥም ላይ ለድምፃውያንና ለኦርኬስትራ የሚሆን ካንታታ ይደርሱ ነበር።

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ሲሰማ ቅኔ ቆጠራን ማስታወሱ አይቀርም። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ሜዳው ዳር ወይም ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ሲመሽ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። ብቻ መዋሉ አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ይለያያል። የቅኔ ተማሪ ስሕተቱ ምን እንደሆነ በዚያው ምሽት ከመምህሩ አፍ ይሰማል፣ ነገም ሌላ ቅኔ ይቆጥራል። በሎዥ ሰባ ሁለት ቀን የሠራው ሠዓሊ ግን በዳኞች ድምፅ አለፈ ወይም ወደቀ ይባላል፤ ከወደቀም ዓመት ይጠብቃል።

ይህ ጥበቃ ምን ያህል መራራ እንደነበር የዣክ ሉዊ ዳቪድ ታሪክ ያሳያል። በኋላ የፈረንሳይ አብዮት ዋነኛ ሠዓሊ የሆነው ይህ ሰው በ1771 ሁለተኛ ወጣ፤ በ1772 ሲወድቅ በሩን ዘግቶ ምግብ በመተው ራሱን ሊያጠፋ ደርሶ ሰዎች ለምነው አስጣሉት። በ1773ም አልተሳካለትም፤ በ1774 አሸነፈ። ዦን ኦጉስት ዶሚኒክ አንግር ደግሞ በ1801 ቢያሸንፍም፣ መንግሥት ገንዘብ ስላጠረው ሮም የገባው በ1806 ነው። አንግር በሮም ሳለ የአካዳሚው አስተዳዳሪ ጊዮም ጊዮን ሌቲዬር ነበር፤ ይህ ሠዓሊ በጓዴሎፕ ደሴት በባርነት ቀንበር ሥር ከነበረች እናት የተወለደ ሲሆን፣ ከ1807 እስከ 1816 ተቋሙን መርቷል። ሙዚቀኛው ኤክቶር ቤርሊዮዝ ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ ያሸነፈው በሐምሌ 1830 ነበር፤ ካንታታውን ተዘግቶበት ሲጨርስ ከውጭ የዚያ ዓመት አብዮት ተኩስ ይሰማ ነበር።

ሽልማቱን ማግኘትም ሁልጊዜ ደስታ አልነበረም። ሙዚቀኛው ክሎድ ዴቡሲ በ1884 በ21 ዓመቱ አሸንፎ ቪላ ሜዲቺ ቢገባም፣ ኑሮው እንደ እስር ቤት ከበደው፤ የላከውን ሥራም አካዳሚው ነቀፈበት፣ እሱም በ1887 ወደ ፓሪስ ተመለሰ። እንደ እኔ አስተያየት የሽልማቱ ጥልቅ ችግር የተቀመጠው እዚህ ላይ ነው። ለወጣቱ ዓመታትን ይሰጠዋል፤ በዓመታቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን በዕድሜ የገፉት መምህራን አስቀድመው ወስነዋል።

ችግሩ አደባባይ የወጣው በ1905 ነው። ሞሪስ ራቬል ለሽልማቱ ከ1900 ጀምሮ አራት ጊዜ ተወዳድሮ ነበር፤ የዕድሜው ገደብ 30 ዓመት ስለሆነ ይህ አምስተኛው ሙከራ የመጨረሻው ነበር። በዚያን ጊዜ ስሙ በፓሪስ የታወቀ ደራሲ ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ዙር ማጣሪያ ወደቀ። ወደ መጨረሻው ዙር ያለፉት ስድስቱም ተወዳዳሪዎች የአንድ መምህር፣ የሻርል ለንፕቩ፣ ተማሪዎች መሆናቸውና መምህሩም ከዳኞቹ አንዱ መሆናቸው ሲታወቅ ጋዜጦች ጮኹ። በዚያው ዓመት የራቬል መምህር ገብርኤል ፎሬ የፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ሆነው ተሾሙ፣ ትምህርት ቤቱንም ማሻሻል ጀመሩ። በሙዚቃው ውድድር የመጨረሻውን ድምፅ የሚሰጡት ሙዚቀኞች ብቻ ሳይሆኑ ሠዓሊያንና ቀራጮችም ጭምር እንደነበሩ ሲታሰብ፣ የተወዳዳሪዎቹ ቅሬታ ከየት ይመነጭ እንደነበር መረዳት ይቻላል።

ሴቶች እንዲወዳደሩ የተፈቀደው በ1903፣ ሽልማቱ ከተጀመረ ከ240 ዓመት በኋላ ነው። በ1911 ቀራጯ ሉሲየን ኡቬልማንስ አንደኛ ወጣች። በ1913 ደግሞ ሊሊ ቡላንዤ በ19 ዓመቷ በሙዚቃ አንደኛውን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ አባቷ ኤርኔስት ቡላንዤ ይህንኑ ሽልማት በ1835 አግኝተው ነበር፣ እኅቷ ናዲያም በ1908 ሁለተኛ ወጥታለች። ሊሊ ከልጅነቷ ጀምሮ ሕመምተኛ ስለነበረች በ24 ዓመቷ አረፈች፤ የሽልማቱን ታሪክ ሳነብ ከሁሉም ስም የእሷ ስም ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ። በሥዕል የመጀመሪያዋ ሴት አሸናፊ ኦዴት ፖቬር ስትሆን፣ ዓመቱ 1925 ነው።

ከአሸናፊዎቹ መዝገብ የጠፉ ስሞችም የታሪኩ ክፍል ናቸው። በኋላ ዝነኛ የሆኑት ሠዓሊያን ኤድዋር ማኔ፣ ክሎድ ሞኔና ፖል ሴዛን እዚያ የሉም፤ ቀራጩ ኦጉስት ሮዳን የፓሪስን የጥበብ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቆ ወደ ውድድሩ በር እንኳ አልደረሰም። በአንጻሩ የፓሪስን ኦፔራ ቤት ያነጸው ሻርል ጋርኒዬ የ1848 ተሸላሚ ነው።

ለአገራችን ቅርብ የሆነውን ምሳሌ የምናገኘው በሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ሕይወት ነው። እስክንድር በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ገና አሥራዎቹን ሳይጨርስ፣ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ ኢዮቤልዩ በተደረገ የሥዕል ውድድር ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያም በመንግሥት ስኮላርሺፕ ወደ ለንደን ተላከ፣ ቀጥሎም ፓሪስ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ኖረ። በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት በ1964 ለአፈወርቅ ተክሌ፣ በ1965 ለገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ በ1967 ለእስክንድር ሲሰጥ፣ ያ ሽልማት ለተሠራ ሥራ የሚሰጥ ክብር ነበር። ቀደም ሲል ያገኘው ስኮላርሺፕ ግን ገና ላልተሠራ ሥራ የተሰጠ ጊዜ ስለነበር ከሮም ሽልማት ጋር የሚመሳሰለው እሱ ነው። እስክንድር በፓሪስ የአፍሪካን ጥበብ በሰፊው አግኝቶ ከአገሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጋር ሊያዋሕደው የቻለው፣ ምን መሣል እንዳለበት የሚደነግግ አካዳሚ ስላልነበረበት ይመስለኛል።

በፓሪስ በግንቦት 1968 ተማሪዎች ሲያምፁ የጥበብ ትምህርት ቤቱም አብሮ ተናወጠ፤ በዚያው ዓመት የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ውድድሩን ሻሩት። ሎዥ፣ የተሰጠ ርእስና ሰባ ሁለቱ ቀን አብረው ቀሩ። ቪላ ሜዲቺ ግን አልተዘጋም፤ ከ1971 ጀምሮ አመልካቾች የሚመረጡት በሥራዎቻቸው ስብስብና በሚያቀርቡት ዕቅድ ሲሆን፣ የሥነ ጽሑፍ ደራሲያን፣ የፊልም ባለሙያዎችና የፎቶግራፍ አንሺዎችም ይገቡበታል። «ፕሪ ደ ሮም» የሚለው ስም ደግሞ በኔዘርላንድስ፣ የናፖሌዎን ወንድም ሉዊ በ1808 ባስጀመረው ሽልማት ላይ አሁንም አለ።

ወጣቱ በመጨረሻ «ታዲያ እኔ መወዳደር እችላለሁ?» ብሎኛል። የድሮው ውድድር የለም። በቪላ ሜዲቺ ለአንድ ዓመት ለመቆየት ማመልከት ግን ለፈረንሳውያን ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ዋናው መሥፈርት ሙያውን የያዘ ሰው መሆንና ፈረንሳይኛ መናገር ነው። ስለዚህ ሥራዎቹን በጥሩ ብርሃን ፎቶ እያነሣ በቅደም ተከተል ማኖር እንዲጀምር፣ ፈረንሳይኛውንም ከዛሬ ጀምሮ እንዲማር ነገርኩት።