ነጻ ሼክስፒር በሴንትራል ፓርክ

በኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው ሴንትራል ፓርክ ውስጥ፣ በሞቃቶቹ የበጋ ወራት የዊልያም ሼክስፒር ተውኔቶች ለሕዝብ በነጻ ይታያሉ። ትርኢቱ የሚቀርብበት ዴላኮርት ቴአትር ጣሪያ የለውም። 1,800 ያህል መቀመጫዎቹ መድረኩን በግማሽ ክብ ከበው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከመድረኩ ጀርባ ኤሊዎች የሚኖሩበት ኩሬ አለ፤ ከኩሬው ማዶ ደግሞ ቋጥኝ ላይ የተሠራው ቤልቬዴር የሚባል ትንሽ ግንብ ይታያል። ዝግጅቱን የሚመራው «ፐብሊክ ቲያትር» የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ወቅቱ አገር ቤት ክረምት የሚገባበት፣ እዚያ ግን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወላጅ ልጆቹን የት እንደሚያውል የሚጨነቅበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሼክስፒርን ከቤት ውጭ የሚያሳዩ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ ከኒውዮርክ የበለጠ ያማረ ቦታ ያላቸውም አሉ። የኒውዮርኩ ዝናው ከመግቢያው ነጻነት የመጣ ነው። ያንን ነጻነት ደግሞ ማንም በችሮታ አልሰጠውም፤ ፍርድ ቤት ድረስ ተሂዶ የተገኘ ነው።

በአንድ ዶላር የተነሣ ሙግት

የዝግጅቱ መሥራች ጆሴፍ ፓፕ በ1921 ብሩክሊን ውስጥ ከምሥራቅ አውሮፓ ከተሰደዱ ድሃ አይሁዳውያን ተወለደ። ቤት ውስጥ የሚነገረው የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን ቋንቋ የሆነው ዪዲሽ ነበር። ሼክስፒርን የተዋወቀው በመንግሥት ትምህርት ቤትና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ቴአትርም ልክ እንደ ቤተ መጻሕፍት ለማንኛውም ሰው በሩ ክፍት መሆን አለበት የሚለውን አቋሙን ዕድሜ ልኩን አልለቀቀም።

በ1954 በማንሃተን የታችኛው ምሥራቅ ሠፈር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ትንሽ የቴአትር ቡድን አቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡድኑ በኢስት ሪቨር ወንዝ ዳር ባለ ክፍት መድረክ «ጁሊየስ ቄሳር»ን በነጻ አሳየ። በ1957 ደግሞ ፓፕ መድረኩን በጭነት መኪና ጭኖ የኒውዮርክን ክፍለ ከተሞች አዳረሰ። መኪናው ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ተበላሽቶ ቆመና ቴአትሩም በዚያው ቀረ ይባላል። ይህ ታሪክ ሲተረክ ትንሽ ቅመም ሳይጨመርበት አልቀረም፤ ይሁንና ቡድኑ ከዚያ በኋላ ፓርኩን ቤቱ ማድረጉ እውነት ነው።

ችግሩ የመጣው በ1959 ነው። የከተማዋን መናፈሻዎች የሚያስተዳድረው ሮበርት ሞዝስ ነበር። ድልድዮቹንና አውራ ጎዳናዎቹን ያሠራ፣ ከንቲባ ሲመጣና ሲሄድ ከወንበሩ የማይነቃነቅ ባለሥልጣን ነው። ሞዝስ ተመልካቹ የፓርኩን ሣር እየረገጠ ስለሚያጠፋ እያንዳንዱ ሰው አንድ ወይም ሁለት ዶላር ይክፈልና ለሣሩ ማልሚያ ይዋል አለ። ገንዘቡ በዚያን ጊዜም ቢሆን ከባድ አልነበረም። ፓፕ ግን አንድ ጊዜ ክፍያ ከተጀመረ አምስት ልጆች ያሉት ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ ኪሱን ሊቆጥር ነው ብሎ እምቢ አለ። ፈቃዱ ሲከለከል ከሰሰ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረታ፤ በሰኔ ወር ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሞዝስ ውሳኔ በቂ ምክንያት የሌለው ነው ብሎ ለፓፕ ፈረደ።

ከዚያ የሆነው ከፍርዱ ይበልጥ ይገርማል። የተሸነፈው ሞዝስ ቋሚ ቴአትር ቤት ለማሠራት ራሱ ተሯሯጠ። ከተማዋ ገንዘብ መደበች፤ ጆርጅ ዴላኮርት የተባለው መጻሕፍት አሳታሚም 150,000 ዶላር ለገሰ። ቴአትር ቤቱ ሰኔ 18 ቀን 1962 «የቬኒሱ ነጋዴ» በተሰኘው ተውኔት ተከፈተ። አራጣ አበዳሪውን ሻይሎክን ጆርጅ ሲ ስኮት፣ የሞሮኮውን ልዑል ጄምስ ኧርል ጆንስ ተጫወቱ። ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በ1964 በዚያው መድረክ ኦቴሎን፣ በ1973 ንጉሥ ሊርን ሆኖ ቀርቧል። ጥቁር ተዋናይ የእንግሊዝ ንጉሥ መሆኑ በሌላ ቦታ አጀብ በሚያሰኝበት ዘመን ፓፕ ተዋናዮቹን የሚመርጠው የከተማዋን ሕዝብ እንዲመስሉ አድርጎ ነበር።

ወረፋው

ነጻ ነገር ሁሉ ወረፋ አለው። ትኬት የሚታደለው ትርኢቱ በሚታይበት ዕለት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ይደርሰዋል። ፓርኩ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስለሚከፈት፣ ተፈላጊ ተዋናይ ያለበት ተውኔት ሲሆን ሰዉ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ይሰለፋል። በሩ ሲከፈት ሰልፉ እንደ ሰንሰለት ሳይበጠስ ወደ ውስጥ ይገባና በእግረኛ መንገዱ ዳር በዛፎቹ ጥላ ይዘረጋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ሰዓት ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። ብርድ ልብስ ይነጠፋል፣ የሚታጠፍ ወንበር ይዘረጋል፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ልጆች ይተኛሉ። የማይተዋወቁ ሰዎች እንጀራ ባይሆንም ዳቦ ይቆራረሳሉ። አንዱ ሽንት ቤት ሲሄድ ጎረቤቱ ዕቃውን ይጠብቅለታል፤ ለቀረ ወዳጅ ቦታ መያዝ ግን አይፈቀድም፤ የሚሞክር ቢኖር ከኋላው ያሉት ዝም አይሉትም። ለብዙ ቤተሰቦች የዕለቱ ዋና ደስታ ይኸው ወረፋ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እርግጥ ነው፣ ነጻው ትኬት ቀን ሙሉ ያስከፍላል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው እኩለ ቀን ድረስ ሣር ላይ ሊቀመጥ አይችልም። ለዚህ ሲባል በኢንተርኔት የሚወጣ ዕጣ ተጀምሯል፤ በተለያዩ ክፍለ ከተሞችም ትኬት ይታደላል። በሌላ በኩል ገንዘብ የሚለግሱ ሰዎች መቀመጫ ይያዝላቸዋል፤ በክፍያ ወረፋ የሚጠብቁ፣ ትኬቱን የሚቸረችሩ ሰዎችም ታይተዋል። ፓፕ የታገለለት ሐሳብ በየዓመቱ በዚህ በኩል ይፈተናል።

ምሽቱ

ትርኢቱ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ነው። በሰኔና በሐምሌ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ገቢር በቀን ብርሃን ይታያል። ቀስ በቀስ ይመሻል፤ ሁለተኛው ገቢር ሲጀመር የመድረኩ መብራት ብቻ ይቀራል። የሚዋደዱት በብርሃን፣ የሚካካዱት በጨለማ ሲሆኑ መብራት ሠሪው የሰማይ እገዛ ያገኘ ይመስላል።

ሰማይ ግን ሁልጊዜ አያግዝም። ሄሊኮፕተር በላይ ሲያልፍ ተዋናዩ ድምፁን ያነሣል ወይም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ዝናብ ሲጥል ትርኢቱ ይቋረጣል፤ ሠራተኞች ወጥተው መድረኩን ይወለውላሉ፤ ካባራ ከቆመበት ይቀጥላል። ልጆች የሚወዷቸው ያልተጋበዙ ተዋናዮች ደግሞ ራኩኖች ናቸው። ራኩን የድመት መጠን ያለው፣ ጅራቱ በጥቁር ቀለበት የተዥጎረጎረ፣ ዐይኖቹ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል የሌሊት እንስሳ ነው። ንጉሡ ስለ ዙፋኑ በሚያለቅስበት ሰዓት ከጥጉ ብቅ ብሎ መድረኩን በእርጋታ አቋርጦ ያልፋል። የዚያን ጊዜ ዐሥር ዓመት የሠለጠነ ተዋናይም ቢሆን የሕፃናቱን ዐይን መመለስ አይሆንለትም።

ቀደም ብለው ለሚደርሱ ቤተሰቦች አካባቢው ራሱ ብዙ አለው። ከቴአትሩ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ በ1916፣ ሼክስፒር በሞተ በ300ኛው ዓመት በስሙ የተሰየመ የአትክልት ቦታ አለ፤ በተውኔቶቹ የተጠቀሱ ዕፅዋት ከነጥቅሶቻቸው ይገኙበታል። አጠገቡ ለ1876ቱ የፊላደልፊያ ዓለም አቀፍ ትርኢት ከስዊድን የመጣ የእንጨት ቤት አለ፤ ዛሬ የአሻንጉሊት ቴአትር ይታይበታል። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ በፓርኩ ምሥራቃዊ ክፍል ልጆች የሚንጠላጠሉበት፣ የ«አሊስ በድንቅ ምድር» ተረት ባለታሪክ የሆነችው የአሊስ የነሐስ ሐውልት፣ በመካነ አራዊቱ ዘንድ ደግሞ ሰዓት ሲሞላ የነሐስ እንስሳት የሚዞሩበት ባለ ሙዚቃ ሰዓት አለ። ሁለቱንም የሰጠው ያው አሳታሚው ዴላኮርት ነው።

ከኒውዮርክ ውጭ

ነገሩ በመሠረቱ አዲስ አይደለም። በ1599 ለንደን ውስጥ የተሠራው ግሎብ ቴአትር መሐሉ ለሰማይ ክፍት ነበር፤ ትርኢቱ ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ብርሃን ይታያል፣ ድሃው አንድ ሳንቲም ከፍሎ ቆሞ ያያል። ተመልካቹ ለውዝ እየቆረጠመ፣ ቢራ እየጠጣ፣ ያልጣመውን ተዋናይ እየተሳደበ ነው የሚያየው። በ1613 ለትርኢት የተተኮሰ መድፍ የሣር ክዳኑን አቀጣጠለውና ቴአትሩ ጋየ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ ሱሪው የተያያዘበት አንድ ሰው ግን በቢራ እንደጠፋለት በዘመኑ ተጽፏል። አሁን ያለው ግሎብ አሜሪካዊው ተዋናይ ሳም ዋናሜከር ለዓመታት ደክሞበት፣ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1997 የተከፈተ ነው። ዛሬም 700 ሰው ቆሞ ያያል፤ ቢዘንብም ጃንጥላ መዘርጋት ክልክል ነው።

በአሜሪካ ኦሪገን፣ አሽላንድ ከተማ በ1935 የተጀመረው ፌስቲቫል አጀማመሩ ያስቃል። ሼክስፒር ያከስራል ብሎ የፈራው የከተማው አስተዳደር ኪሳራውን ለመሸፈን በዚያው መድረክ የቦክስ ግጥሚያ ጨመረበት። የከሰረው ቦክሱ ሆነና ጉድለቱን ሼክስፒር ሸፈነ። በቦስተን ኮመን መናፈሻ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ በነጻ ይታያል፤ ትኬት እንኳን የለም፣ ሣር ላይ አንጥፎ መቀመጥ ነው። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ከኒውዮርኩ ይልቅ ይህ ይሻላል። የሰለቸው ልጅ ከኋላ ሄዶ ይሮጣል፣ የራበው ይበላል፣ ማንም አይገላምጠውም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በ16ኛው መንገድ ዳር ባለው ካርተር ባረን ክፍት መድረክ ከ1991 ጀምሮ ለዓመታት ነጻ ሼክስፒር ይታይ ነበር። በ2009 ዝግጅቱ ወደ አዳራሽ ገባ፤ መድረኩም በኋላ አርጅቶ ተዘጋ።

ልጆችና ተውኔቶቹ

ልጅ የሼክስፒርን እንግሊዝኛ አይረዳም የሚለው ስጋት ከሚገባው በላይ ተጋንኗል። ቋንቋው አራት መቶ ዓመት ያለፈው ስለሆነ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ አዋቂም ሁሉን ቃል አይከተልም። ልጆች ታሪኩን የሚይዙት ከተዋናዩ አካል፣ ከልብሱና ከሳቁ ነው። የሚጠቅማቸው ከመሄዳቸው በፊት ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን መስሎ እንደሚቀርብ እንደ ተረት አድርጎ መንገር ነው። ከተመለሱ በኋላ ደግሞ ነጠላው ካባ፣ የወጡ ማማሰያ ሰይፍ ሲሆን ወላጅ አይቆጣ።

የተውኔቱ ምርጫ ግን ወሳኝ ነው። በ«ንጉሥ ሊር» ውስጥ የሽማግሌ ዐይን ሲወጣ ይታያል፤ ለስድስት ዓመት ልጅ አይሆንም። «የበጋ አጋማሽ ሌሊት ሕልም» ታሪኩ የሚፈጸመው ጫካ ውስጥ ስለሆነ ለመናፈሻ የተጻፈ ይመስላል፤ ቦተም የሚባለው ሸማኔ ጭንቅላቱ በድግምት የአህያ ሲሆን የማይስቅ ልጅ የለም። በመንትዮች መመሳሰል ላይ የተሠራው «የስሕተቶች ኮሜዲ»ም ከሼክስፒር ተውኔቶች አጭሩ ነው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያዊ ወላጅ ትዝታ ከልጁ ልምድ ይለያያል። በአማርኛ የምናውቀው ሼክስፒር በአብዛኛው የከበደው ነው፦ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎማቸው «ሐምሌት»፣ «ኦቴሎ» እና «ማክቤዝ»፣ ከበደ ሚካኤል የተረጎሙት «ሮሜዎና ዡልየት»። ሁሉም በሞት ያልቃሉ። በመናፈሻ ልጁ የሚያየው ግን ቀልደኛውን ሼክስፒር ነው፤ አባት ለሐዘን ተዘጋጅቶ ሄዶ አህያ ያያል።

ዴላኮርት በ85 ሚሊዮን ዶላር ታድሶ በነሐሴ 2025 እንደገና ሲከፈት የተመረጠውም ኮሜዲ ነበር። «ዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት» መርከባቸው ተሰብሮ የተለያዩ መንትዮች ታሪክ ነው። ሁለቱን የተጫወቱት ኬንያውያኑ ሉፒታ ኒዮንጎና ወንድሟ ጁኒየር ኒዮንጎ ናቸው፤ ከንግግራቸውም የተወሰነውን ያቀረቡት በስዋሂሊ ነበር።